መስመሩ ሳይታይ ዓይን እንዲጎላ

ጥያቄ፦ ባንክ ውስጥ ደንበኛ አስተናጋጅ ነኝ። ሳልኳል ስሄድ ሰው ሁሉ "አሞሻል እንዴ? እንቅልፍ አጣሽ?" ይለኛል። ስኳል ደግሞ በጣም ያስታውቃል፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስም ከዓይኔ ሥር ወርዶ ያጠቁረኛል። የዓይኔ ቆብ ወረድ ያለ ስለሆነ ዓይኔን ስገልጥ መስመሩ ይዋጣል። አንዳንድ ቀን ኮንታክት ሌንስ አደርጋለሁ። እናቴ ከድሬዳዋ ያመጣችልኝ የባህል ኩልም አለኝ፤ እሱን ብጠቀም ይሻላል? ጓደኛዬ ደግሞ "የዓይን ጠርዝ ንቅሳቱን ተሠሪና ተገላገይ" ትለኛለች። ምን ትመክሪኛለሽ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ መስመር ማስመሩን ተዪው። ጠዋት ጊዜሽን የሚበላውም፣ ምሳ ሰዓት ላይ የሚያሳፍርሽም እሱ ነው። ዓይን የሚጎላው የሽፋሽፍቱ ሥር ሙሉ ሆኖ ሲታይ ነው። በተፈጥሮዋ ጥቅጥቅ ያለ ሽፋሽፍት ያላት ሴት ምንም ሳትነካው የተኳለች ትመስላለች። "ምን ተቀብተሽ ነው?" ብለው የሚጠይቋት ለዚህ ነው። አንቺም የምትፈልጊው ያንኑ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ከሽፋሽፍቱ በላይ ያለው ቆዳ ላይ አይውጣ፤ በፀጉሮቹ መሃል፣ ሥራቸው ላይ ይግባ።

መስታወት አቅርበሽ የላይኛውን የዓይን ቆብሽን ጠርዝ እዪው። በአንዱ ፀጉርና በሌላው መሃል ትንንሽ የቆዳ ክፍተት አለ። ከሩቅ ሲታይ ክፍተቱ ለብቻው አይለይም፤ ግን ዓይኑን ያደበዝዘዋል። ሥራሽ እነዚያን ክፍተቶች መሙላት ብቻ ነው።

አሠራሩን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የግድግዳውን መስታወት ተዪውና ትንሽ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ ከላይ ወደ ታች እዪበት። እንደዚያ ስታዪ የዓይንሽ ቆብ ሳትነኪው ራሱ ወርዶ ይዘረጋል፣ የሽፋሽፍቱ ሥርም ወለል ብሎ ይታያል። ብዙ ሰው ቆቡን በጣቱ ወደ ጆሮው ይስበዋል። አትሳቢው። የተሳበ ቆዳ ሲለቀቅ ይሰበሰባል፣ ቀለሙም አብሮት ይጨማደዳል፤ ሁለቱ ዓይኖች አንድ የማይሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው። ክርንሽን ጠረጴዛው ላይ አስደግፊ፣ ትንሿን ጣትሽን ጉንጭሽ ላይ አሳርፊ። እጅሽ አይንቀጠቀጥም።

የምትኳዪበት ፔንስል ጫፍ በጣም ስል አይሁን። ይወጋል፣ መስመርም ያወጣል። ከቀረጽሽው በኋላ የእጅሽ ጀርባ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሸት አድርጊው፤ ጫፉ ክብ ይላል። ከዚያ ከዓይንሽ መሃል ጀምሪ። ጫፉን ሽፋሽፍቱ ሥር ላይ አሳርፈሽ ግራና ቀኝ በጣም በትንሹ አወዛውዢው። ትንሽ አለፍ በይ፣ ደግሞ አወዛውዢ። እንደዚህ እያልሽ እስከ ውጪኛው ማዕዘን ድረስ ሂጂ። በአፍንጫሽ በኩል ወዳለው ማዕዘን ስትመለሺ አዲስ ቀለም አትጨምሪ፤ በፔንስሉ ጫፍ ላይ የቀረው ይበቃል። እዚያ ጋ ሽፋሽፍቱ ራሱ ስስ ነው፣ ቀለም ከበዛበት ወዲያው ያስታውቃል።

ቀለሙ ሳይደርቅ በትንሽ ጠፍጣፋ ብሩሽ ጠርዙን አለስልሺው። ብሩሽ ከሌለሽ ኮተን በድ (የጆሮ ጥጥ) ቆንጠጥ አድርገሽ ጫፉን አሹይና በእሱ ንኪው። መጫን እንጂ መጥረግ የለም። አሁን ያሉት ጥሩ ጥሩ ፔንስሎች ሰምና ቀለም ብቻ አይደሉም፤ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ አላቸው፣ እሱ ሲተን ቀለሙ ቆዳው ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ማለስለስ ብትሞክሪ እየተቆራረጠ ይነሳል። ስለዚህ አንዱን ዓይን ሞልተሽ፣ አለስልሰሽ፣ ጨርሰሽ ነው ወደ ሌላው የምትሄጂው።

ስትጨርሺ ፊትሽን ከመስታወቱ ክንድ ያህል አርቀሽ ቀጥ ብለሽ እዪ። ደንበኛ የሚያይሽ ከመስኮቱ ማዶ፣ ከአንድ ሜትር ገደማ ርቀት ነው። አፍንጫሽን መስታወት ላይ ለጥፈሽ ካየሽው ሁልጊዜ የጎደለ ነገር ታገኚና ትጨምሪያለሽ፤ "በጣም ያስታውቃል" የሚለው የሚመጣውም ከዚያ ነው። ከአንድ ሜትር ላይ "ተኩያለሁ" የሚል ነገር ካልታየሽና ዓይንሽ ግን ንቁ ከሆነ ደርሰሻል፣ እጅሽን አንሺ።

እጅሽ ገና ካልለመደ ከፔንስሉ ይልቅ በአይሻዶ፣ የዓይን ቆብ ላይ በሚቀባው የዱቄት ቀለም ጀምሪ። እኔ ለጀማሪ ሁሌ የምመክረው ይሄንን ነው። የማያብረቀርቅ ጥቁር ቡናማ ሻዶና ጫፉ ሰያፍ የሆነ ትንሽ ብሩሽ ያዢ። ብሩሹን ሻዶው ላይ ነካ አድርገሽ ትርፉን አራግፊ፣ ከዚያ ሽፋሽፍቱ ሥር ላይ እየጫንሽ እየተነሳሽ ሂጂ። ሻዶ ቢዛነፍ አይጮህም፤ ጠረግ ይደረጋል። ጠንከር እንዲል ከፈለግሽ ብሩሹን በጠብታ ውሃ አርጥቢው። ውጤቱ ከፔንስል ይለዝባል፣ ለቢሮ ደግሞ ያ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ቆብሽ ልምጣ። የዓይን ቆብ ወረድ ሲል፣ ዓይን ሲገለጥ ከላይ ያለው ቆዳ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ይሸፍነዋል። ወፍራም መስመር ስትሠሪ ያቺኑ የቀረችውን ጠባብ ቦታ ትሞያታለሽ፤ ዓይን ይበልጥ ያንሳል፣ ይከብዳልም። አንቺ ላይ መስመሩ የሚዋጠው እጅሽ ስላልቻለ አይደለም፣ ቦታው ስለሌለ ነው። የሽፋሽፍት ሥር መሙላት ከማንም በላይ የሚጠቅመው እንዳንቺ ዓይነት ዓይን ያላትን ነው፤ ከቆቡ ላይ ምንም ቦታ አይወስድም። ጨመር ማድረግ ከፈለግሽ ከውጪ በኩል ባለው አንድ ሦስተኛ ላይ ብቻ ይሁን። እሱንም ዓይንሽን ገልጠሽ፣ መስታወቱን ፊት ለፊት እያየሽ ሥሪው። ዓይን ተጨፍኖ የተሠራ ነገር ሲገለጥ ሌላ ቦታ ይገኛል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚታየው፣ ከዓይን ጥግ ወደ ውጪ የሚሳበው ሾጣጣ ጭራ ግን እንዲህ ባለ ዓይን ላይ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ለሥራ ቀን ይቅርብሽ።

ከፔንስሉ በፊት ግን ሽፋሽፍትሽን በከርለር (በሽፋሽፍት ማጠፊያ) ቀና አድርጊው። የተኛ ሽፋሽፍት ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል። "እንቅልፍ አጣሽ?" ከሚያሰኘው ነገር ግማሹ እሱ ይመስለኛል። ሥሩ ላይ ይዘሽ እስከ አሥር ቁጠሪና ልቀቂ። ሁልጊዜ ከማስካራ በፊት ነው፤ ማስካራ ከደረቀ በኋላ ካጠፍሽው ፀጉሩ ሊነቀል ይችላል። ማስካራውን ለላይኛው ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ ከሥሩ ጀምረሽ አድርጊ።

ቀለም ላይ ብዙዎቻችን የምንሰማው ምክር ለነጭ ቆዳ የተጻፈ ነው። "ለተፈጥሯዊ መልክ ቡናማ ተጠቀሚ" ይላል። ቡናማ ጥሩ ነው፣ ግን የትኛው ቡናማ? የፔንስል ቡናማ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከቀይ፣ ከቢጫና ከጥቁር የብረት ኦክሳይድ ድብልቅ ነው። ቀዩ የበዛበት ቡናማ ጠይም ቆዳ ላይ ሲሆን ዓይን የታመመ፣ የቀላ ያስመስላል። ክፍት ቡናማ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል፤ የብዙዎቻችን የዓይን ቆብ ጠርዝ በተፈጥሮው ከሌላው ፊታችን ጠቆር ያለ ነው። ስለዚህ ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው ቡናማ ምረጪ፣ ያልተበረዘ የጀበና ቡና መልክ ያለው። በጣም ጥቁር ቆዳ ካለሽ ጥቁሩን ራሱን ተጠቀሚ፤ ሥሩ ላይ ብቻ ከሆነና ጠርዙ ከለሰለሰ አይጮህም። ጠቆር ያለ ወይን ጠጅም ጠይም ፊት ላይ ያምራል፣ ለቢሮም አያሳፍርም።

የታችኛውን ዓይን ተዪው። ከዓይናችን ሥር ጠቆር የሚልብን ብዙ ነን፤ እዚያ ላይ ቀለም ሲጨመር ጥቁረቱ ወደ ጉንጭ የወረደ ይመስላል። የግድ ካልሽ ከውጪ በኩል ትንሽ ሻዶ በብሩሽ ነካ አድርጊ። የታችኛው እርጥብ ጠርዝ ላይ ጥቁር ማድረግ ደግሞ ዓይንን ያሳንሳል።

ምሳ ሰዓት ላይ ከዓይንሽ ሥር የሚወርደው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዘይት ነው። የፔንስል ሰም ከቆዳ ዘይት ጋር ሲገናኝ ይላላል። ጠዋት የዓይን ክሬም ወይም ቫዝሊን ተቀብተሽ ወዲያው ብትኳዪ፣ ላብና የቀትር ፀሐይ ሲጨመርበት ከቦታው መሄዱ አይቀርም። ማታ ማታ ሽፋሽፍትሽን የጉሎ ዘይት የምትቀቢ ከሆነም ጠዋት በሳሙና አስለቅቂው። ሽፋሽፍትን ያሳድጋል ስለሚባለው አስተማማኝ ማስረጃ የለም፤ ፔንስልን ማንሸራተቱ ግን እርግጥ ነው። ፔንስልሽ ላይ "ኮል" ወይም "ካጃል" ተብሎ ተጽፎ እንደሆነም እዪ። እነዚያ ሆን ተብለው ለስላሳ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፣ በቀላሉ ይሰራጫሉ። አንቺ የምትፈልጊው ውሃ የማይበግረው፣ "ጄል" ወይም "ሎንግ ላስቲንግ" የሚባለውን ነው።

ጠዋት ፊትሽን ታጥበሽ ክሬሙን ከዓይንሽ ዙሪያ አርቀሽ ተቀቢ። ትንሽ ቆዪ፣ ልብስሽን ልበሺ፣ ቁርስ ብዪ። ከዚያ ቆብሽን በሶፍት ጫን ጫን አድርገሽ ዘይቱን አንሺ፣ በጣም ትንሽ ፓውደር አድርጊበት። ፔንስሉን ከጨረስሽ በኋላ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ሻዶ በብሩሽ ላዩ ላይ ጫኚበት። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ደቂቃ አትፈጅም፣ ግን ትልቁን ልዩነት የምታመጣው እሷ ናት። ይህን ሁሉ አድርገሽም ከታች ከጠቆረ ተጠያቂው ማስካራው ነው። ያኔ "ቱቢንግ" የሚባለውን ዓይነት ፈልጊ፤ እያንዳንዱን ፀጉር በስስ ሽፋን ይጠቀልለዋል፣ ለብ ባለ ውሃ ሲነካ እየተላቀቀ ይወጣል እንጂ አይቀልጥም።

ሌንስ የምታደርጊ ቀን ጥንቃቄው ይጨምራል። አንዳንዶች የሽፋሽፍት ሥር እንዲሞሉ ሲነገራቸው ከውስጥ በኩል፣ ዓይን ኳሱን በሚነካው እርጥብ ጠርዝ ላይ ይቀባሉ። ያ ጠርዝ ላይ የዘይት ዕጢዎች አፍ አለ። ዘይቱ እንባ ቶሎ እንዳይደርቅ የሚያደርገው ነው። እዚያ ላይ ሰም ስትቀቢ አፋቸውን ትደፍኛለሽ፣ ቀለሙም በቀጥታ እንባሽ ውስጥ ይገባል። በ2015 እ.ኤ.አ. የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ አነጻጽረው ነበር። ከሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ሲቀባ፣ ከውጪ ከተቀባው ይልቅ ከ15 እስከ 30 በመቶ የበለጠ ቅንጣት እንባ ውስጥ ገብቶ አገኙ። የገባውም በ5 ደቂቃ ውስጥ ነው። ሌንስ ላይ ሲለጠፍ ዓይን ይቆረቁራል፣ እይታም ይደበዝዛል። ስለዚህ ከውጪ በኩል ብቻ ሥሪ። ሌንሱን መጀመሪያ በታጠበ እጅ አድርጊ፣ ቀጥሎ ተኳዪ። ማታ ደግሞ መጀመሪያ ሌንሱን አውጪ፣ ከዚያ ኩሉን አስለቅቂ።

ስለ እናትሽ ኩል ስትጠይቂኝ ትንሽ ከበደኝ። ከእናት እጅ የመጣን ነገር "ጣዪው" ማለት ቀላል አይደለም፤ ኩል ደግሞ ከሐረር እስከ አፋር፣ ከጅግጅጋ እስከ ወሎ የእናቶቻችን ውበት ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ። የባህል ኩል ከተለያየ ድንጋይና ጥላሸት ይሠራል። በዓለም ዙሪያ ለኩል ከሚፈጩት ድንጋዮች ዋነኛው ጋሌና ይባላል፤ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ከድኝ ጋር የተዋሃደበት፣ ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነው። የጥንት ግብፆችም ይኳሉት ነበር። የአንቺ ኩል ከየትኛው እንደተፈጨ በዓይን አይታወቅም፣ በማሽተትም አይታወቅም። የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ሻጩ "ንጹሕ ነው" ቢልም ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ እሱም አላስመረመረውም።

ሊድ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ዓይናችንን እናሻለን፣ በዚያው እጅ እንበላለን፤ እንባም ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የሚባል የሊድ መጠን የለም ይላል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሕፃናትንና ጽንስን ነው፣ በተለይ አእምሯቸውን። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ኩልን በመዋቢያ ቀለምነት የማይፈቅደውም ለዚህ ነው፤ እዚያ ላሉ ዘመዶቻችሁ የምትልኩ ይህን እወቁ። ከውጭ አገር የሚመጣው፣ ሱርማ የሚባለው ኩልም ከዚሁ ስጋት ነፃ አይደለም። ስለዚህ ምክሬ፣ በየቀኑ ለሥራ አትጠቀሚው ነው። እርጉዝ ከሆንሽ፣ የምታጠቢ ከሆነ ወይም ለመውለድ እያሰብሽ ከሆነ ጨርሶ አትንኪው። የሕፃን ዓይን ደግሞ በምንም ምክንያት አይኳል፤ "ዓይኑ ይጎላል"፣ "ከቡዳ ይጠብቀዋል" ቢሉሽም እሺ አትበዪ። ብልቃጡን ለትዝታ አስቀምጪው፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ።

መኳያ እንጨቱም፣ ፔንስሉም፣ ማስካራውም በጋራ አይሆንም። ትራኮማን የመሰለ ከዓይን ወደ ዓይን የሚሄድ በሽታ በብዛት ያለባት አገር ውስጥ ነው ያለነው። ቢሮ ውስጥ ባልደረባሽ "ኩልሽን አንዴ ስጪኝ" ስትልሽ "እህቴ" ብለሽ በፍቅር እምቢ በያት።

ፔንስል ስትገዢ የተሠራባቸውን ነገሮች ዝርዝር አንብቢ። ሲአይ 77499 ማለት ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ለዓይን አካባቢ የተፈቀደና የተለመደ ቀለም ነው። የታወቀ ብራንድ በማይታመን ዋጋ ካየሽ፣ ማሸጊያው ላይ የፊደል ስህተት ካለ፣ የምርት ቁጥር ከሌለው ተመለሺ። ከመርካቶ እስከ ቦሌ አስመስሎ የተሠራ ሞልቷል፤ ስም የሌለው ግን ዝርዝሩ በትክክል የተጻፈ ፔንስል ከሐሰተኛ ውድ ፔንስል ይሻልሻል። ማሸጊያው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ሥዕል አለ፤ ውስጡ ያለው 6 ወይም 12 ከተከፈተ በኋላ ለስንት ወር እንደሚያገለግል ነው። ማስካራን በየሦስት ወሩ ቀይሪው። ፔንስል ሲቀረጽ አዲስ ገጽ ስለሚያወጣ ይቆያል፤ በየጊዜው ቅረጺው፣ መቅረጫውንም አጽጂ።

ማታ ስታስለቅቂ ዓይንሽን አትሺው። ማስለቀቂያውን ጥጥ ላይ አድርገሽ የተጨፈነ ዓይንሽ ላይ አሳርፊና ወደ 20 ሴኮንድ ያህል ያዢው፣ ከዚያ ወደ ታች ሳብ አድርጊው። ውሃ የማይበግረው ዓይነት በውሃና በሳሙና ብቻ አይወጣም፤ ዘይትነት ያለው ማስለቀቂያ ይፈልጋል። ሥሩ ላይ የቀረውን በኮተን በድ ጨርሺው። ያልወጣ ኩል ላይ በማግስቱ ሌላ መደረብ ቆቡን ያሳክከዋል።

ንቅሳቱን በተመለከተ፣ እኔ አልመክርም። የሚወጋው የዘይት ዕጢዎቹ ካሉበት ቦታ አጠገብ ነው፣ በመርፌም ሊጎዱ ይችላሉ። ቀለሙ በዓመታት ውስጥ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቀይ ሊለወጥ፣ ሊሰራጭም ይችላል። የዓይን ቆብ ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይወርዳል፤ ዛሬ በቦታው የተሠራው ያኔ በቦታው አይገኝም። ብረት ያለበት ቀለም ከሆነ አልፎ አልፎ ኤምአርአይ በሚባለው የማግኔት ምርመራ ላይ ማቃጠልና ማበጥ ያመጣል፤ የተሠራች ሴት ለሐኪሟ መንገር አለባት። ለማስለቀቅ ብትፈልጊ ሌዘሩ የሚያርፈው ዓይንሽ ጠርዝ ላይ ነው። ለጓደኛሽ ከልብ እንዳሰበችልሽ ንገሪያትና አመስግኛት።

በነገራችን ላይ፣ ምንም ሳትኳዪም ዓይንሽ የሚከብድና ጠዋት ጠዋት ቆብሽ የሚያብጥ፣ ጠርዙ ላይ ቅርፊት የሚይዝ ወይም የሚቀላ ከሆነ ለጊዜው ፔንስሉንም ሌንሱንም አቁመሽ የዓይን ሐኪም ጋ ሂጂ። የተቆጣ ጠርዝ ላይ የሚቀባ ነገር ሁሉ ያባብሰዋል። ከዳነ በኋላ የድሮውን ፔንስልና ማስካራ አትመለሺባቸው፤ አዲስ ግዢ።